እትዬ አስካለ ፖላንድ የሄደች ጊዜ

«እትዬ አስካለ ሞተች» ብላ ትዕግስት ስትደውልልኝ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ የመጀመሪያው ነገር «ማንን ስትሰድብ?» የሚል ነው። ትዕግስት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ባንድ ላይ አደረገችው። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ደንዝዤ ስቀር ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ «ወንድም፣ ትገባለህ ወይስ ልለፍ?» አለኝ። አሳለፍኩት።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኳ ተነበበ። ያነበበው የዕድራቸው ጸሐፊ ነው፤ ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ ይዞ፣ ድምፁን ሰብሮ። «ወይዘሮ አስካለ በሕይወት ዘመናቸው ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ፣ ክፉ ቃል ከአንደበታቸው የማይወጣ እናት ነበሩ» ሲል፣ ፖላንድ አብረናት ከሄድነው አስር ልጆች መካከል የተገኘነው ሰባታችን እርስ በርስ ተያየን። ትዕግስት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሴቶች «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» እያሉ ግራና ቀኝ ደገፏት። እኔ ደግሞ ከአንድ የመቃብር ሐውልት ጀርባ ሄጄ አፍንጫዬን የምናፈጥ መሰልኩ።

ይህን የምጽፈው እንግዲህ የዕድሩን ጸሐፊ ለማረም ነው። ሰውዬው ክፋት የለበትም። እትዬ አስካለን አያውቃትም፣ በቃ።

እኔ ያወቅኳት ከነመጥረጊያዋ ነው። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ዝቅ ብሎ ልምምድ የምናደርግበት አዳራሽ ጽዳት ነበረች። እኛ አማተር የባህል ቡድን ነን፤ አስር ወጣት፣ አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ የማያልቅ ምኞት። እሷ በስልሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ አጭር፣ ደንዳና፣ ስትራመድ ወለሉ የሚሰማት ሴት። ወለሉን ስትጠርግ እግራችንን አብራ ትጠርገዋለች። ልምምዳችንን ቆም ብላ ታይና «ይሄ እስክስታ ነው ወይስ በርዷችሁ ነው?» ትለናለች።

አንድ ቅዳሜ ከበሮ መቺያችን ሠርግ አግኝቶ ቀረብን። ስንነጫነጭ እትዬ አስካለ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደገፈችና «እስቲ ዞር በሉ» ብላ ከበሮውን አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ የማውቀው ከሩብ ሰዓት በኋላ እስከ ውስጥ ልብሴ ድረስ በላብ ርሼ እንደነበርና እሷ ፊት ላይ አንዲት ጠብታ እንዳልነበረች ነው። ከበሮ መቺያችን በሳምንቱ ሲመለስ ቦታው አልጠበቀውም። እሷም ከዚያ ቀን ወዲህ የምትመታው የአዳራሹን ሳይሆን ከቤቷ ያመጣችውን የራሷን ከበሮ ነው። «እናቴ ከጎጃም ስትመጣ በእግሯ ይዛ የመጣችው ሁለት ነገር ነው፤ እኔንና ይሄን ከበሮ። ከሁለታችን ዝም ማለት የሚችለው ከበሮው ነው» ትል ነበር።

አንቱ ያላት ሰው ወዮለት። «አንቱ ስትሉኝ ወገቤን ያመኛል፤ አንቺ በሉኝ!» ስለዚህ እዚህም አንቺ እላታለሁ፤ ነፍሷ እንዳትቆጣኝ። እሷ ግን ማንንም በስሙ አትጠራም። እኔ ረጅምና ቀጭን ስለሆንኩ «አጠና» ነኝ። ትዕግስት እልልታዋ ጆሮ ስለሚበሳ «አምቡላንስ» ናት። ፓስተር የሆነ አጎቴ አንድ ቀን ሊወስደኝ ቢመጣ ስሙን ሳትጠይቅ «ማይክራፎን» አለችው፤ እስከ ዛሬ ቤተሰባችን ውስጥ ስሙ እሱ ነው።

ከዚያ ከፖላንድ ግብዣ መጣ። ስሟን እስካሁን አስተካክዬ መጥራት ያልቻልኩት አንዲት ትንሽ ከተማ በየዓመቱ ክረምት ላይ ከየአገሩ የባህል ቡድን እየጠራች ታስጨፍራለች። እንዴት እኛን እንዳገኙን አንድዬ ይወቅ። ወሬው እንደተሰማ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት እኛን የሚመራ ሰው መደበልን፤ አቶ ደምሴን።

አቶ ደምሴ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሶ የሚተኛ የሚመስል ሰው ነው። ገለጻ ሲሰጠን አንድ ሰዓት ተኩል ቆመን ሰማነው። «እናንተ ግለሰቦች አይደላችሁም፤ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ናችሁ። ከእናንተ አንድ ሰው ጠፋ ማለት አገር ጠፋች ማለት ነው!» ለያንዳንዳችን ዋስ አስጠራን። የኔ ዋስ ማይክራፎን ነው፤ የቤቱን ካርታ ይዞ መጥቶ ፈረመ፤ ያን ቀን ለብቻው ጾሞ ጸልዮልኛል።

ስለ እትዬ አስካለ ሲነሳ ግን አቶ ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። «የጽዳት ሠራተኛ የባህል ልዑክ ሆና አትሄድም።»

እትዬ አስካለ ከኋላ ተነሥታ በመሀላችን አልፋ ሄደችና ከበሮውን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንግዲያው አንተ ምታዋ።»

«ወይዘሮ፣ እኔ ኃላፊ ነኝ።»

«ኃላፊ እጅ የለውም?»

ሁላችንም እያየነው ነው። ሰውዬው ሁለት ጊዜ መታ። ድምፁ ካርቶን የወደቀ ይመስላል። ሦስተኛውን አልሞከረም። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፤ አስራ ሁለት ሆንን፤ አስሩ ልጆች፣ እሷና እሱ።

ጉዞው ከተጀመረ ጀምሮ አቶ ደምሴ ይቆጥረናል። ቦሌ በር ላይ ቆጠረን። አውሮፕላኑ ውስጥ ከደመና በላይ ሆነን ቆጠረን፤ የት ሊሄዱብኝ ይችላሉ ብሎ እንደሆነ እንጃ። ከሽንት ቤት የሚወጣውን በጣቱ ይቆጥራል። ፓስፖርታችንን ሰብስቦ ሆዱ ላይ በታጠቃት ጥቁር ቦርሳ ከቷል፤ ሲቀመጥ ቦርሳዋን እንደ እርጉዝ ያቅፋታል። እትዬ አስካለ ገና ዋርሶ ሳንደርስ ስም አወጣችለት፦ «ቆጣሪው»። እሱ በመተላለፊያው ብቅ ሲል «ቆጣሪው መጣ፣ መብራት አጥፉ!» ትላለች፤ እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን እንሞታለን።

ዋርሶ ስንደርስ ጉምሩኩ ላይ ከበሮዋን ያዙት። ወጣት ልጅ ነው፤ ጓንት አድርጎ ቆዳውን ነካ ነካ አደረገና ጠየቀ። አቶ ደምሴ በእንግሊዝኛው ያስተረጉማል።

«ምንድነው ይላል።»

«ከበሮ ነዋ!»

«ቆዳው የምን ነው ይላል።»

«የበሬ። ሞቷል በለው፣ አይዋጋውም።»

ልጁ ለሌላኛው ነገረው፤ ሌላኛው ወረቀት አመጣ። አቶ ደምሴ ግንባሩን ጠረገ። «የእንስሳ ቆዳ ያለ ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም ነው የሚሉት። የበሬው የምስክር ወረቀት የለሽም ወይ ይሉሻል።»

«እኔ ራሴ የጤና ምስክር ወረቀት የለኝም፤ በሬው ከየት ያመጣል? እናቴ ሳትወለድ ነው የታረደው በላቸው!»

አቶ ደምሴ ይህንን ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም፤ ነገሩን አባሰው። ከበሮው ላይ ቁጥር ያለው ወረቀት ለጠፉበት። እትዬ አስካለ ልጁ በጋሪ ሊወስደው ሲል እጁን ያዘችው። በአማርኛ ነው የነገረችው፣ ቀስ ብላ፣ ልጇን ሰው ቤት እንደምታሳድር እናት። «እርጥበት እንዳታስነካው። በደረቱ አታስተኛው፤ በጎኑ።» ልጁ ምንም ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

ከዚያ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጓዝን። በመስኮቱ የስንዴ ማሳ፣ ጥቁር ደን፣ ጣሪያው ቀይ ቤት ያልፋል፤ ልጆቹ ስልካቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይቀርጻሉ። እሷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከጎኗ ነበርኩ። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ቀስ እያሉ ይመታሉ፤ የማውቀው ምት ነው፣ ግን ያለ ድምፅ። እትዬ አስካለ ዝም ስትል ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው፤ ስድቧ ናፈቀኝ።

ከተማዋ ስንደርስ እኛ ወጣቶቹ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈልን። አቶ ደምሴ አጠገቡ የአስተማሪዎች ክፍል ተሰጠው። እትዬ አስካለ በዕድሜዋ ተከብራ ሃሊና የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት ቤት እንግዳ ሆነች። ሃሊና እንደ እሷው አጭርና ደንዳና ናት፤ ጓሮዋ ሙሉ ኪያር፣ ምርኩዟ ውሻ መምቻ። ሁለቱ በር ላይ ሲገናኙ ከላይ እስከ ታች ተያዩ፤ ከዚያ እትዬ አስካለ ወደኛ ዞራ «ይቺ እኔን ነጭ ቀብተው ነው» አለች።

ችግሩ ወቅቱ ፍልሰታ መሆኑ ነው። ከመሀላችን ግማሹ እንጾማለን፤ አገሩ ደግሞ ቋሊማና ፎርማጆ ነው፤ ዳቦው ውስጥ ሳይቀር ወተት አለ። አቶ ደምሴ «መንገደኛ አይጾምም፣ ብሉ፣ አቅም ያስፈልጋችኋል» ብሎ አወጀ፤ ራሱም በምሳሌነት አሳየን። እትዬ አስካለ ግን ለሃሊና አስረዳቻት። እንዴት ብትሉ፣ ትዕግስት ነበረች ያየችው፦ ወጥ ቤት መሀል ቆማ «እምቧ!» አለችና በጣቷ አይሆንም፤ ክንዶቿን አራግፋ «ኩኩሉ!» አለችና አይሆንም፤ ከዚያ ወደ ሰማይ አሳይታ «ማርያም» አለች። ሃሊና ዓይኗ ፈጠጠ፤ ቀጥሎ በራ። ግድግዳው ላይ ያለችውን ሥዕል እየጠቆመች «ማሪያ! ማሪያ!» አለች። ለካ እነሱም በዚያው ሳምንት የማርያም በዓል አላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱ አሮጊቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው የአበባና የገብስ እቅፍ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አየናቸው፤ አንዷ በነጠላ፣ አንዷ በሻሽ። እትዬ አስካለ ስትመለስ ጠየቅናት።

«እንዴት ነበር?»

«ቄሱ ይቀመጣል፣ ሕዝቡም ይቀመጣል። ተንበርክከው ደግሞ ቶሎ ይነሳሉ። ጸሎታቸው አጭር ነው፤ ኃጢአታቸው ትንሽ ሳይሆን አይቀርም።»

ከዚያ በፊት ግን መክፈቻው ነበር፤ በደረስን በማግስቱ ከሰዓት፣ አደባባይ ላይ። ከበሮ የለንም። አቶ ደምሴ ከፍላሽ ላይ ሙዚቃ አስከፍተን እንድንጨፍር ወሰነ። እትዬ አስካለ «በፍላሽ?» አለች። ሁለተኛ አልተናገረችም፤ ወደ ሃሊና ቤት ሄደች። እኔ ተከተልኳት።

ጓሮው ውስጥ ያለውን ሁሉ እየዞረች መታች። የውኃ ማጠጫውን መታች፣ ራሷን ነቀነቀች። የውሻውን ቤት መታች፤ ውሻው ወጥቶ አያት። በሩን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ጋሪውን። ሃሊና በመስኮት እያየች ቆይታ ወጣች፤ ያበደች እንግዳ የሰጧት ሳይመስላት አልቀረም። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ጥጉ ላይ ያለ እንስራ የሚያህል ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ጋ ደረሰችና በመዳፏ መታችው። ቆመች። ደግማ መታችው። ፊቷ ሲበራ አየሁት። ውስጡ ግን እስከ አፉ በጨው ውኃ የተዘፈዘፈ ኪያር አለ፤ የሃሊና የበረዶው ወራት ቀለብ።

ሃሊና በርሜሉን አየች፣ እትዬ አስካለን አየች። ከዚያ ምርኩዟን ጥላ ገብታ ያላትን ድስት፣ ባልዲ፣ ሳፋ ሁሉ ይዛ ወጣች። ሦስታችን ኪያር ስንገለብጥ አረፈድን። ክዳኑን አጥብቀን ከድነን፣ በገመድ አስረን፣ በነጠላ ጠቅልለን እትዬ አስካለ አንገት ላይ አንጠለጠልነው። ነጭ ሽንኩርትና እንስላል ይሸታል።

አደባባዩ ላይ ተራችን ሲደርስ የመድረክ መሪዋ ማይክ ይዛ ወደ አቶ ደምሴ ጠጋ አለችና መሣሪያው ምን ይባላል አለችው። አቶ ደምሴ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከኋላው እትዬ አስካለ «ኪያሮ በላት» አለች።

«እ?»

«ኪያሮ! ምን ያፈጥብኛል ይሄ!»

«ኪያሮ» አለ አቶ ደምሴ፤ ከዚያ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ልማድ ይሆናል፣ «የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያለው» ብሎ ጨመረበት። ሴትየዋ በማይኩ አስተጋባችው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ያን ቀን የጨፈርነውን ያህል ጨፍረን አናውቅም። በርሜሉ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከከበሮ ይከብዳል፣ ሆድ ውስጥ ነው የሚመታህ። ወደ መጨረሻው ላይ እትዬ አስካለ ምቱን ስታፈጥነው አደባባዩ ጫፍ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ትከሻቸው አልታዘዝ አላቸው። ሃሊና ከፊት ወንበር ተነሥታ በምርኩዟ መሬቱን ትደበድባለች። ስንወርድ አንድ ጢማም መነጽራም ሰው መጥቶ ኪያሮውን በአራት በኩል ፎቶ አነሳው፤ አቶ ደምሴን ጥያቄ እየጠየቀ ማስታወሻ ያዘ። አንድ ቦታ ላይ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል ብዬ እሰጋለሁ። ሰውዬው ሲሄድ አቶ ደምሴ ከረባቱን አላላና ሳቀ። ሲስቅ ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥርሱ ያምራል።

ስምንት ቀን ቆየን። በመጨረሻው ቀን ጧት ከእንቅልፌ ስነቃ እትዬ አስካለ ከግርጌያችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ካፖርቷን ለብሳለች፣ ጫማዋ በጤዛ ርሷል፣ ትንሽ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«ተነሱ፣ ቁርስ ብሉ» አለች። ስድብ የለ፣ ምን የለ።

በላን። በልተን ልንጨርስ ስንል ነው ትዕግስት «ዛሬ የቆጠረን ሰው የለም አይደል?» ያለችው። ዳቦው አፋችን ውስጥ ቀረ። አንዱ ልጅ ሮጦ የአስተማሪዎቹን ክፍል አይቶ ተመለሰ። አልጋው ተነጥፏል፣ ሻንጣው የለም።

እትዬ አስካለ ካፖርቷን ፈታች። ጥቁሯን ቦርሳ ሆዷ ላይ ታጥቃታለች።

«ቆጣሪያችን ተቆርጧል» አለች። «ይሄን ሰጥቶኝ ሄደ። አትጠይቁኝ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።»

ከዚያ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ፓስፖርቶቹን አወጣችና አንድ በአንድ በየእጃችን ሰጠችን። «አውቶቡሱ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። እኔ ጠባቂ አይደለሁም፤ ጽዳት ነኝ። የሚሄድ ካለ አሁን ይሂድ፤ ግን ዓይኔን አይቶ ‹ሄድኩ› ብሎኝ ይሂድ። ሻንጣም አይጎትት፣ ወለሉ ይቧጨራል።»

ከአስራችን ቢያንስ አራታችን ስልክ ቁጥር በጫማችን ውስጥ ይዘን እንደሄድን አውቃለሁ፤ ጀርመን ያለ ዘመድ፣ ሆላንድ ያለ የጓደኛ ጓደኛ። እኔ ከአራቱ አንዱ ነኝ። ትዕግስት ድንገት ተነሣች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር ስትል ሁላችንም ስናፈጥባት አየችና «ሽንት ቤት ነው እንዴ የማይኬደው!» ብላ ጮኸች። ሳቁ ሲወጣልን አንድ ነገር አብሮ ወጣ። አራት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ሲመጣ አስራችንም ነበርን።

ሃሊና ልትሸኛት መጥታ ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ፤ ሃሊና ትልቁን ለቅሶ ታለቅሳለች፣ እትዬ አስካለ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋለች። ለስምንት ቀን እንግዳ ይሄ ሁሉ ምንድነው ብዬ ተገርሜ ነበር።

ዋርሶ ላይ ነጠላዋን ሃሊና በስንብት የሰጠቻት ምርኩዝ ላይ አስራ፣ ከፍ አድርጋ ይዛ ከፊት ከፊታችን ሄደች፤ አንድም ቃል ቋንቋቸውን ሳታውቅ ከበር በር አሳለፈችን። ጉምሩኩ ጋ ቆማ ያንን ልጅ ፈለገችው። አልነበረም። የተሰጣትን ወረቀት ለሌላ አሳየች፤ ሰዎቹ ተያዩ፣ ስልክ ደወሉ፣ ትከሻቸውን ሰበቁ። ሰዓቱ ደርሷል። ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ውስጥ ከተተችው። «ሂዱ፣ ሂዱ፣ አትቁሙ» አለችን። ከዚያ አገር የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አቶ ደምሴና ከበሮው።

አዲስ አበባ ስንመለስ ያው መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ጠራን። አምስት ሰው ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጧል። መሀለኛው እትዬ አስካለን አስነሥቶ፣ የቡድን መሪው ሲሰወር አይታ ለሚመለከተው አካል ወዲያውኑ ያላሳወቀችው ለምን እንደሆነ ጠየቃት።

«ማንን ላሳውቅ? የሚመለከተው አካል እኮ እሱ ነበር፤ ሄደ» አለች።

«ወይዘሮ፣ ቀልድ አይደለም። አስራ ሁለት ሰው ልከን አስራ አንድ ነው የተመለሰው!»

«እኔ የላካችኋቸውን አስር ልጆች መልሻለሁ። ይኸው፣ ቁጠሯቸው። እኔም አለሁ። የጎደለው ከእናንተ ወገን ነው።»

አንዱ ሰብሳቢ ሳቁን በሳል ለወጠው። ግን ቀልድ አልነበረም። እሷ ከቡድኑም ከጽዳት ሥራዋም ተሰናበተች። እኛ አቤቱታ ጻፍን፣ ፈረምን፣ ማንም አልመለሰልንም። የአጎቴ የቤት ካርታ በሰላም ተመለሰለት፤ እሷ ቤት ግን ዳቦ የሚያስገባ ጠፋ። ማይክራፎን ይህንን ሲሰማ በየወሩ ጤፍ ይልክላት ጀመር፤ እሷም በየወሩ ተቀብላ ያንኑ ያወጣችለትን ስም ትጠራለች። እሷ ከዚያ በኋላ አስኮ አካባቢ አንድ የሠርግ አዳራሽ ሳህን አጠበች፤ ሙሽሮች ሲገቡ እየወጣች በሳፋ ትመታላቸው ነበር አሉ።

ባለፈው ግንቦት፣ ከመሞቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ተከራይታ የምትኖርባት ክፍል ሄጄ ጠየቅኳት። ከሲታለች፤ ያ ደንዳና ሰውነት አልጋው ውስጥ ጠፍቷል። ምላሷ ግን ደህና ነው። «አጠና፣ ወፈርክ፤ አሁን ምሰሶ ሆነሃል» አለችኝ። ሻይ አፈላሁ፣ ስለዚያም ስለዚህም ተጫወትን፣ እኔም ለዓመታት የያዝኩትን ጥያቄ አነሳሁ።

«ያን ቀን ግን አቶ ደምሴን የት አገኘሽው?»

«ፌርማታ ላይ።»

«በጧት? ፌርማታ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

«ሰው ፌርማታ ምን ሊሠራ ይሄዳል? አውቶቡስ ልሳፈር ነዋ!»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። እሷ ጣሪያውን እያየች ነገረችኝ። ሃሊና ማታ ማታ በስልኳ ማስተርጎሚያ እየጻፈች ታሳያት ነበር፤ «ቤቱ ሰፊ ነው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ቅሪ።» እኛ እስክንሄድ ገጠር ያለች እኅቷ ዘንድ ልትደብቃት ተስማሙ። በመጨረሻው ቀን ጎህ ሲቀድ ምሳዋን ቋጥራላት ሸኘቻት። እትዬ አስካለ ፌርማታው ላይ ስትደርስ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሻንጣ ይዞ ተቀምጧል።

«ሊይዘኝ የመጣ መስሎኝ ደርቄ ቀረሁ። እሱ ደግሞ እኔ ልይዘው የመጣሁ መስሎት እጁን ወደ ላይ አነሣልህ! ‹እትዬ አስካለ፣ ይማሩኝ› አለኝ። ያ ሰው! አንቱ አለኝ! ወገቤን አመመኝ።»

ስትስቅ ሳሏ ተነሣባት፤ ውኃ ሰጠኋት።

«አጠገቡ ተቀመጥኩ። ‹ለምንድነው የምትሄደው?› አልኩት። ‹ሃያ ዓመት ሰው ስቆጥር ኖርኩ፤ እኔን ግን ሰው ብሎ የቆጠረኝ የለም› አለኝ። ምን እለዋለሁ? እኔም የተቆጠርኩት ከመጥረጊያው ጋር ነው። ‹የልጆቹን ፓስፖርት ምን አደረግከው?› ስለው ‹ለሾፌሩ ሰጥቼ ትምህርት ቤት አድርስልኝ ልለው ነበር› አይለኝም! ለሾፌር! ስማችሁን ለማያውቅ ሰው!»

«ከዚያስ?»

«‹እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ እመለሳለሁ› አለኝ። አለኝ፣ አዎ። ግን እጁን አየሁት፤ ሻንጣውን አልለቀቀም። ይሄ ሰውዬ ከማዕዘኑ አያልፍም፣ ሌላ አውቶቡስ ይጠብቃል አልኩ። ቦርሳዋን ከሆዱ ፈታሁ፣ ምሳዬን ሰጠሁት። አውቶቡሱ መጣ፣ ይዞት ሄደ።»

በግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል።

«አዳራሹ ስደርስ ሁላችሁም ተኝታችኋል። አንተ አፍህን እንደ ጋራዥ ከፍተህ ታንኮራፋለህ። አምቡላንስ ምራቋ ትራሷን አርሶታል። አንዱ ያለ ካልሲ፣ እግሩ የሚሸት። ቆሜ አየኋችሁና ‹እመብርሃን፣ ለእነዚህ ነው?› አልኩ።»

«ይቆጭሻል?»

«ይቆጨኛል እንጂ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሲበርደኝ ይቆጨኛል። ወገቤን ሲያመኝ ይቆጨኛል። ያቺ ሴትዮ ፎቶ ስትልክልኝ ይቆጨኛል። አንተ ስትመጣማ ይብስብኛል።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «በል ተነሥ አሁን፤ ታክሲ ይጠፋሃል።»

ብርጭቆዎቹን አጠብኩ፣ ጫማዬን አደረግሁ። በሩን ስከፍት ጠራችኝ።

«አጠና!»

«አቤት።»

ፊቷን አላዞረችም።

«ግን ጥሩ ተኝታችሁ ነበር» አለች።